የሦስት ዓመቱ ዕቅድ ዛሬ ጠዋት ምን ያሠራል? ለትንንሽ ድርጅቶች ዝርዝር መመሪያ

ደሴም ኮምቦልቻም የማውቃቸው ብዙ ባለ ድርጅቶች ዕቅድ አላቸው። አንዳንዱ ለባንክ ብድር ሲባል የተጻፈ ነው፣ አንዳንዱ ሥልጠና ላይ ተሠርቶ የመጣ። ያለው ግን መሳቢያ ውስጥ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ሠራተኛው የሚጀምረው ትናንት ማታ ደውሎ የጮኸውን ደንበኛ ሥራ ነው። ዕቅዱና የዕለቱ ሥራ አይተዋወቁም።

እኔም የብረት ሥራ ቤት ይዤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም ከሽፎብኛል። መጀመሪያ 14 ግብ ጻፍኩ፣ ማንም አላስታወሳቸውም። ቀጥሎ ወደ አምስት ቀነስኳቸው፣ ግን ባለቤት አልነበራቸውም፤ የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም አልሆነም። በሦስተኛው ነው የያዘው። እዚህ የማስቀምጠው ያንን ሦስተኛውን መንገድ ነው።

ምሳሌዬ ኮምቦልቻ ያለ፣ 9 ሰው የሚሠራበት፣ በርና መስኮት፣ አልጋና የተማሪ ዴስክ የሚያወጣ የብረት ቤት ነው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አድርጌ ነው ያስቀመጥኳቸው፣ በራሳችሁ ተኩ። ዳቦ ቤት ቢሆን፣ ልብስ ስፌት ቢሆን፣ ጋራዥ ቢሆን ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን ሳታዘጋጁ አትጀምሩ፣ መሃል ላይ ትቆማላችሁ።

1. ያለፉት 3 ወራት ትዕዛዞች በሙሉ። ቀብድ የተቀበላችሁበት ደብተር፣ ደረሰኝ፣ የቴሌብር መልእክት፣ ስልክ ላይ የቀሩ ፎቶዎች፣ ያለው ሁሉ ይሰብሰብ።
2. አንድ ነጭ ሰሌዳ። ከሌለ ማኒላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።
3. ሦስት ከሰዓት፣ እያንዳንዱ 2 ሰዓት የሚወስድ። ዓርብን ለጁምአ ተዉት። ሳምንታዊ ክፍያ በምትከፍሉበት ሰዓትም አታድርጉት፣ ሰው ልቡ ገንዘቡ ጋ ነው።
4. አራት ሰው፦ ባለቤቱ፣ ትዕዛዝ የሚቀበለው፣ ዕቃ የሚገዛው፣ ዋናው በያጅ። በያጁን ሳትጨምሩ ከጀመራችሁ የጻፋችሁት ሁሉ ወርክሾፑ ውስጥ ሲደርስ ይፈርሳል።

ጊዜው ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ቢሆን ይመረጣል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ዕቅዳችሁና የሂሳብ መዝገባችሁ አብረው ይሄዳሉ። ይህን የምታነቡት ጥቅምት ላይ ከሆነ ግን እስከ ሰኔ አትጠብቁ። ከሚቀጥለው ወር 1 ቀን ጀምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ በመጀመሪያው ወር ኮምፒውተር አትክፈቱ። ሠንጠረዥ ማሳመር ሥራ የተሠራ ያስመስላል፣ ሠራተኛው ግን አያየውም። በእጅ ጻፉ።

ደረጃ 1፦ ስትራቴጂውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አውጡት

"በአካባቢው ተመራጭ ድርጅት መሆን" ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰርዙት። እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ምንም አያስከለክልም። የሚሠራ ዓረፍተ ነገር "ይህን ደንበኛ አንቀበልም" ለማለት ድፍረት ይሰጣል።

የምሳሌው ቤት የጻፈው ይኼን ነው፦ "በ3 ዓመት ውስጥ የደሴና የኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶችና ሆቴሎች 'እነሱ በቀጠሯቸው ቀን ያስረክባሉ' ብለው የሚያዙን ቤት እንሆናለን።" ከሥሩ ደግሞ "የማንሠራው" የሚል ሁለት መስመር አለ፦ በመንገድ የሚመጣ ቁርጥራጭ ጥገና አንቀበልም፤ ያለ ቀብድ ሥራ አንጀምርም።

ዓረፍተ ነገሩ ከየት ይመጣል? ከደንበኛ። ሁለት ጊዜ ያዘዟችሁን 5 ሰዎች ጥሩ። አንዴ አዘው የቀሩትን 5 ሰዎችም ጥሩ። የመጀመሪያዎቹን ለምን እንደተመለሱ፣ የኋለኞቹን ለምን እንደቀሩ ጠይቁ። የቀሩትን ባለቤቱ ራሱ ባይደውልላቸው ይሻላል። ይሉኝታ አለ፤ ፊት ለፊት "ኧረ ምንም አልሆነም፣ አልተመቸኝም ነው" ይሏችኋል። ሌላ ሰው ሲጠይቃቸው እውነቱን ይነግራሉ።

ካልተስማማችሁ፦ ድምፅ አትስጡ። የ3 ወሩን ትዕዛዝ ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና በደንበኛ ዓይነት ከፋፍሏቸው። ትርፍ ያስገኘው ክምር የትኛው ነው? ጭቅጭቅ ያመጣውስ? ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያበቃል።

ደረጃ 2፦ ዛሬ ያላችሁበትን ቁጠሩ

ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፣ በኋላ ዋጋ የሚያስከፍለውም ይኸው ነው። መነሻ ከሌለ ግብ የለም፤ ያለው ምኞት ነው።

ደብተር ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ትዕዛዙ፣ የቀጠሮው ቀን፣ የተረከቡበት ቀን፣ የዘገየበት ምክንያት። ከዚያ የ3 ወሩን ትዕዛዝ አንድ በአንድ ሙሉ። የምሳሌው ቤት 64 ትዕዛዝ ነበረው። በቀጠሮው ቀን የወጣው 22 ነው። ከመቶ 34 መሆኑ ነው። ባለቤቱ ከመቁጠሩ በፊት ቢጠየቅ "አብዛኛውን በሰዓቱ ነው የምናስረክበው" ይል ነበር፣ ከልቡም ነው የሚለው። በሰዓቱ የወጣውን ሰው ያስታውሰዋል፣ የዘገየው ግን ከሌላው ጋር ይቀላቀልበታል።

ቀጥሎ የዘገዩት 42 በምክንያት ይከፈላሉ፦

- ዕቃ ሳይሟላ (ቱቦላሬ የሚባለው ባዶ የብረት ቱቦ፣ ቁልፍ፣ ማጠፊያ የጎደለበት)፦ 17
- ልኬት የተሳሳተ፦ 11
- መብራት የጠፋበት፦ 8
- ቀለም ያልደረቀና ሌላ፦ 6

ሳይቆጠር በፊት ሁሉም ሰው "መብራት ነው" ይል ነበር። መብራት ሦስተኛ ወጣ። አንደኛው ዕቃ ነው፣ የዕቃው ችግር ሥር ደግሞ ገንዘብ ነው። የአንዱን ቀብድ ለሌላው ሰው ብረት መግዣ ማድረግ። ይህን የማናደርግ ስንቶቻችን ነን? ሰኞ ከአንድ ሆቴል የተቀበልነውን ቀብድ ማክሰኞ ባለፈው ሳምንት ለዘገየው ትምህርት ቤት ላሜራ እንገዛበታለን፤ የሆቴሉ ተራ ሲደርስ የብረት ዋጋ ጨምሮ ይጠብቀናል፣ ያንን ለመሙላት የሌላ ሰው ቀብድ እንፈልጋለን። ዕዳው የሚንከባለለው እንዲህ ነው።

ስለ ልኬቱም አንድ ነገር ላሳያችሁ፣ በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ። ደሴ ሳላይሽ አካባቢ ላለ ቤት በር ታዘዘ። ለኪው ሲሄድ ግድግዳው ገና ልስን አልነካውም። ባዶውን ብሎኬት ለካ፣ ጻፈ፣ ወረደ። በሩ ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደረሰ። በዚህ መሃል ግድግዳው ተለስኗል። ከግራም ከቀኝም ልስኑ ስለበላው ክፈፉ በሁለት ሳንቲም እምቢ አለ። ግራይንደር ወጣ፣ እዚያው ተቆረጠ፣ ብልጭታው አዲሱን ሴራሚክ አቃጥሎ ነጠብጣብ አስቀረበት። የሴራሚኩ ዋጋ ከበሩ ትርፍ በለጠ። ይህ ሁሉ የመጣው ለኪው "ልስኑ አልቋል ወይ?" ብሎ ስላልጠየቀ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ምክንያቱን ስትጠይቁ "ማን ነው?" አትበሉ። "ምን ነበር?" በሉ። "ማን" ካላችሁ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ሁሉም መብራትን ይከሳል፣ ደብተራችሁም ውሸት ይሞላል።

መዝገብ ከሌላችሁ፦ አትገምቱ። ከዛሬ ጀምሩና 4 ሳምንት ብቻ መዝግቡ። በግምት ከተሠራ የዓመት መረጃ ይልቅ የአንድ ወር እውነተኛ ቁጥር ይሻላችኋል።

ደረጃ 3፦ የሦስት ዓመቱን ወደ ሩብ ዓመት አውርዱት

የምሳሌው ቤት በ3ኛው ዓመት መጨረሻ ከመቶ 95 በቀጠሮው ቀን ማስረከብ ይፈልጋል። ዛሬ 34 ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ግብ 70 ተደረገ።

70 ከየት መጣ? ከምኞት አይደለም። ዕቃና ልኬት ብቻ 28 ትዕዛዝ አዘግይተዋል። እነዚያ 28 በቀናቸው ወጥተው ቢሆን ኖሮ 22 የነበረው 50 ይሆን ነበር፤ ከ64 ሲሰላ ከመቶ 78። ሁለቱ ችግሮች ሙሉ በሙሉ እንደማይጠፉ ስለሚታወቅ 70 ተባለ። ግብ ስታወጡ እንዲህ አድርጉ፤ "ይህ ምክንያት ቢወገድ ስንት ይደርሳል?" ብላችሁ አስሉና ትንሽ ቀንሱለት።

ከዚያ ወደ ሩብ ዓመት አውርዱ። ለአራት እኩል አታካፍሉት። ወቅቱን እዩ።

- ከሐምሌ እስከ መስከረም (ጳጉሜንን ጨምሮ)፦ ክረምት ነው። ደሴ ላይ ጭጋጉ ይወርዳል፣ ቀለም አይደርቅም፣ ሐረጎም ላይ መኪና ይዘገያል። ትምህርት ቤቶች ደግሞ ዴስካቸውን መስከረም ከመግባቱ በፊት ይፈልጋሉ። ግብ፦ 42።
- ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፦ ፀሐይ ነው፣ ግንባታ ይነቃቃል። ግብ፦ 52።
- ከጥር እስከ መጋቢት፦ ጥምቀት አለ፣ ዐቢይ ጾምም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ይገባል። ግብ፦ 60።
- ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፦ መሥሪያ ቤቶች በጀታቸው ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ግዢ ያጣድፋሉ። ግብ፦ 70።

እዚህ ወሎ ውስጥ ነን፣ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይሠራል። የሁለቱንም በዓላት ሰሌዳው ላይ አስፍሩ። ረመዳን፣ ኢድና አረፋ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀድመው ስለሚመጡ ያለፈውን ዓመት ቀን አትገልብጡ። ረመዳን ላይ ከባዱን ብየዳ ጠዋት አድርጉት፣ ከሰዓት ቀላሉን። ይህን አስቀድማችሁ ካላሰባችሁ ቀጠሮ የምትሰጡት በሌለ የሥራ ቀን ነው።

ደረጃ 4፦ ሁለት ዓይነት ቁጥር ለዩ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

"በቀጠሮው ቀን የወጣ ትዕዛዝ" የኋላ ቁጥር ነው። የምታውቁት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ወር መጨረሻ ላይ 38 ሆነ ቢባል ምን ታደርጋላችሁ? ምንም፣ ወሩ አልፏል። ትርፍም እንዲሁ ነው፣ ሽያጭም።

የፊት ቁጥር ሌላ ነው። ዛሬ፣ በእጃችሁ፣ ከምሳ በፊት ልትቀይሩት የምትችሉት ነው፣ እሱ ሲስተካከል የኋላው ይከተላል። የፊት ቁጥሩን ከደረጃ 2 ምክንያቶች ውስጥ ከላይኞቹ ሁለት አውጡ። ለምሳሌው ቤት እነዚህ ሆኑ፦

1. ቀብድ በተከፈለ በ2 ቀን ውስጥ ዕቃው በሙሉ ስቶር የገባለት ትዕዛዝ። (ለ17ቱ)
2. ብረት ከመቆረጡ በፊት በሁለት የተለያዩ ሰዎች የተለካ ትዕዛዝ። (ለ11ዱ)

ሁለት ብቻ። ሦስተኛ መጨመር ያምራችኋል፣ አትጨምሩ።

የመጀመሪያው ቁጥር ሕግ ይዞ ይመጣል፦ ቀብዱ ለራሱ ለትዕዛዙ ዕቃ ይውላል፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ። ስለዚህ ቀብዱ ቢያንስ የዕቃውን ዋጋ መሸፈን አለበት። የዋጋ ማቅረቢያችሁ ላይም "ይህ ዋጋ ለ5 ቀን ይጸናል" ብላችሁ ጻፉ። ይህ ካልተጻፈ ደንበኛው ከወር በኋላ በድሮው ዋጋ ይመጣል፣ እናንተም አፍራችሁ ትቀበላላችሁ።

አሁን ሁለት ጠባቂ ቁጥሮች አስቀምጡ። ሰው በሚለካበት በኩል ብቻ ይሮጣል፣ ተፈጥሮ ነው። "በቀጠሮው ቀን" ተብሎ ከተለካ ትዕዛዝ ተቀባዩ ሳያስበው ቀጠሮውን ማርዘም ይጀምራል፤ የ12 ቀኑን ሥራ "በ25 ቀን" ይላል፣ ቁጥሩ ያምራል፣ ደንበኛው ግን ሌላ ቤት ይሄዳል። በያጁም ሊቸኩልና ሥራው ለጥገና ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በወር አንዴ ሁለት ነገር እዩ፦ አማካይ የቀጠሮ ርዝመት ስንት ቀን ነው? ለጥገና የተመለሰው ስንት ነው? ከሁለቱ አንዱ ከፍ ካለ የላይኛው ቁጥር ማማሩ አያስደስታችሁ።

ደረጃ 5፦ እያንዳንዱን ቁጥር ለአንድ ሰው ስጡ

"ስቶር" ብላችሁ አትጻፉ፣ "ግዢ ክፍል" ብላችሁም አትጻፉ። የሰው ስም ጻፉ። አንድ ስም።

ቁጥሩን የያዘው ሰው ሦስት ነገር ሊኖረው ይገባል። ካልኖረው ስሙን አትጻፉ፦

- በራሱ የመወሰን ሥልጣን። ዕቃ ገዢው በየግዢው ባለቤቱን እየፈለገ የሚደውል ከሆነና ባለቤቱ አዲስ አበባ ካለ 2 ቀኑ አለቀ። እስከዚህ ብር ድረስ ሳይጠይቅ ይግዛ ብላችሁ ወስኑ።
- መሣሪያ። ለሁለተኛው ለኪ የራሱ ሜትር ይኑረው። ሁለት ሰው በአንድ የታጠፈ ሜትር ቢለካ ስህተቱ ያው ስህተት ነው።
- ምትክ። ታመመ፣ ለቅሶ ሄደ፣ ሠርግ አለበት። ከስሙ ጎን በቅንፍ ሁለተኛ ስም ይጻፍ።

ለለኪው የኪስ ወረቀት አዘጋጁለት። አራት ጥያቄ ይበቃል፦ ልስኑ አልቋል? ሴራሚኩ ተነጥፏል? በሩ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው? በቀኝ ነው በግራ? አራቱም ሳይመለሱ ልኬቱ ወደ ወርክሾፕ አይገባም። ልስኑ ካላለቀ የቀጠሮው ቀን የሚቆጠረው ልስኑ ካለቀበት ቀን ነው፤ ይህን ለደንበኛው እዚያው በቃል ንገሩት፣ ወረቀቱም ላይ ጻፉት።

ኮምቦልቻ ሆናችሁ ደሴ ለምትለኩ ደግሞ፦ በየትዕዛዙ ሐረጎን አትውጡ። ግማሽ ቀን ይበላል። በሳምንት ሁለት የልኬት ቀን ወስኑና አከማችታችሁ ሂዱ። ቀኖቹን ደንበኛው ይወቃቸው።

ደረጃ 6፦ ሰሌዳውን ስቀሉ

የት? ሠራተኛው የሥራ ልብሱን የሚቀይርበት ጋ። ቢሮ ውስጥ አይደለም።

ከላይ የስትራቴጂው ዓረፍተ ነገር በትልቁ ይጻፍ። ከሥሩ የሩብ ዓመቱ ግብ። ከዚያ የሳምንቱ ትዕዛዞች፣ በየመስመሩ፦ የደንበኛው መለያ፣ የቀጠሮው ቀን፣ ዕቃ ገብቷል (✓)፣ በሁለት ሰው ተለክቷል (✓)፣ ዛሬ ምን ይሠራለታል፣ ማን። ከታች ጥግ ላይ የሳምንቱ ሁለት ቁጥር፦ "ዕቃ፦ ከ5 3"፣ "ልኬት፦ ከ5 5"።

ትዕዛዝ ተቀባያችሁ "ማክሰኞ ኢንሻአላህ" ቢል መልካም ነው፣ ሁላችንም እንላለን። ማክሰኞ ግን ቀን ሆኖ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ ኅዳር 12 ወይ ኅዳር 19 ይባል።

ከሰሌዳው ጎን ሌላ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ፦ "መብራት ሲጠፋ የሚሠራ"። ልኬት ማረጋገጥ፣ ብረት ላይ ምልክት ማድረግ፣ በእጅ ብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ አንቲረስት መቀባት፣ ዕቃ መቁጠር። መብራት በሄደ ቁጥር ሰው ውጭ ተቀምጦ የሚያሳልፈው ሰዓት ይህን ዝርዝር ካየ ይድናል። 8ቱን ትዕዛዝ በሙሉ ባይመልስም ከፊሉን ይመልሳል።

ደረጃ 7፦ የጠዋት 10 ደቂቃ

ማሽን ከመነሳቱ በፊት፣ ቆማችሁ፣ ሰሌዳው ፊት። ወንበር ካመጣችሁ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ጥያቄው ሦስት ነው፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. ትናንት ምልክት ሳይደረግበት የቀረ አለ?
2. ዛሬ ምን ይዘጋል?
3. ምን ያግደናል?

ሲሆን እንዲህ ይመስላል፦

"የሆቴሉ አልጋ ዕቃ አልገባም።"
"ለምን?"
"የ40 በ40 ቱቦላሬ ጠፋ፣ ጋሼ። ሁለት ሱቅ አየሁ፣ የለም።"
"ደሴስ?"
"አልጠየቅኩም።"
"በል እስከ 4 ሰዓት ፒያሳም አራዳም ደውል። ከሌለ ለደንበኛው እኔ እደውላለሁ።"

ይህ 30 ሰከንድ ነው። ችግሩ ተነገረ፣ ሰው ተሰጠው፣ ሰዓት ተሰጠው። ከዚህ በላይ አትቆፍሩት። የሁለት ሰው ጉዳይ ከሆነ ሁለቱ በኋላ ይነጋገሩ፣ ሰባቱ ቆመው አይስሙ።

የንግግሩን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር፣ "ለደንበኛው እኔ እደውላለሁ" የምትለዋን፣ ልብ በሉልኝ። ቀጠሮ ሊያልፍ መሆኑ ከታወቀ ደንበኛው ቀኑ ሳይደርስ ይነገረው። "ነገ ና" እየተባለ አራት ጊዜ የተመላለሰ ሰው እንዴት እንደሚከፋው እናውቃለን። ከሦስት ቀን በፊት ተደውሎ ምክንያቱና አዲሱ ቀን የተነገረው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይታገሣል። ያም ሆኖ ትዕዛዙ "ዘገየ" ተብሎ ይመዘገባል። መደወላችሁ ቁጥሩን አያሰርዝም።

ማስጠንቀቂያ፦ ጠዋት ላይ ማንንም አትገሥጹ። ግሣጼ ካለ ለብቻ፣ ሻይ ሰዓት ላይ። አንድ ሰው በጓደኞቹ ፊት ከተዋረደ በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ያለው ምልክት ሁሉ ✓ ይሆናል፣ እውነት ግን አይሆንም።

ደረጃ 8፦ ሳምንት፣ ወር፣ ሩብ ዓመት

ሳምንታዊው 20 ደቂቃ ነው። አራቱ ሰዎች ብቻ። ሁለቱን የፊት ቁጥሮች ወደ ደብተር ገልብጡና ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ማስተካከያ ምረጡ። አንድ።

ወርሃዊው አንድ ሰዓት ነው። የኋላውን ቁጥር፣ ሁለቱን ጠባቂ ቁጥሮችና የዘገዩትን ምክንያቶች እንደገና ቁጠሩ። እዚህ ደስ የሚል ነገር ታያላችሁ፤ ዕቃ ከላይ ወርዶ ሌላ ምክንያት አንደኛ ይሆናል።

ሩብ ዓመቱ ግማሽ ቀን ይፈልጋል፣ ወደ እሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

*ሰሌዳው በሦስተኛው ሳምንት ተረሳ።* ይህ በሁሉም ቤት ይደርሳል፣ አብሽሩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ባለቤቱ ሁለት ጠዋት ሲቀር ነው። ስብሰባውን የሚመራው ባለቤቱ ብቻ አይሁን። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በያጆቹ በተራ ይምሩት፣ ረዳቶቹም ጭምር።

*የፊት ቁጥሮቹ አደጉ፣ የኋላው አልተነቃነቀም።* መጀመሪያ 6 ሳምንት ጠብቁ፣ ዛሬ የተስተካከለ ግዢ ውጤቱ የሚታየው ትዕዛዙ ሲወጣ ነው። ከ6 ሳምንት በኋላም ያው ከሆነ ወይ ምልክቱ እውነት አይደለም፣ ወይ የተሳሳተ ምክንያት መርጣችኋል። ሦስት ትዕዛዝ ምረጡና ስቶር ገብታችሁ ዕቃውን በዓይናችሁ እዩ። "ገብቷል" የተባለው ቁልፍ የሌለው በር ሆኖ ይገኛል።

*ሠራተኛው "ቁጥሩ ደመወዜን ሊቀንስ ነው" ብሎ ፈራ።* መንግሥት መሥሪያ ቤት ውጤት ተኮር የሚባለውን የሥራ ምዘና ሲሞላ የኖረ ሰው ካለ ይህ ፍርሃት ይገባል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ቁጥሩን ከክፍያ ጋር በፍጹም አታያይዙ፣ ለጉርሻም ቢሆን። ይህንንም በቃል ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ጉርሻ ካሰባችሁ ለቡድኑ በሙሉ ይሁን። ለአንድ ሰው ከሆነ ለኪውና በያጁ መካሰስ ይጀምራሉ።

*ትልቅ ትዕዛዝ መጥቶ ሁሉንም አመሰቃቀለው።* ሰኔ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት 120 ዴስክ በ15 ቀን አለ እንበል። ከመቀበላችሁ በፊት ሰሌዳው ፊት ቁሙ። ይህን ብንቀበል የማን ቀጠሮ ያልፋል? ስማቸውን አንብቡ። ለሁለት ዙር ማስረከብ ጠይቁ፤ 60ውን መጀመሪያ፣ ቀሪውን በኋላ። እምቢ ካሉና ሦስት ነባር ደንበኛ የሚጎዳ ከሆነ አትቀበሉ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ሰኔ ላይ ብር ያስፈልጋል። ደረጃ 1 ላይ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ግን ለዚህ ቀን ነው የተጻፈው።

*ባለቤቱ ራሱ ሕጉን ጣሰ።* የአጎት ልጅ መጣ፣ ያለ ቀብድ ተጀመረ። ሠራተኛው ሁሉ አይቷል። በማግስቱ ጠዋት ሰሌዳው ፊት "ትናንት የጣስኩት እኔ ነኝ፣ ዕቃው በእኔ ገንዘብ ዛሬ ይገዛል" በሉና አድርጉት። ዝም ካላችሁ የሚቀጥለውን ሕግ የሚጥሰው ሌላ ሰው ነው።

*ቁጥር ያዡ ለቀቀ።* ምትኩ ወዲያው ይያዝ፣ በዚያው ቀን። "አዲስ ሰው እስኪቀጠር" ካላችሁ ቁጥሩ ይሞታል።

የሩብ ዓመቱ ግማሽ ቀን

መስከረም 30 የመጀመሪያው ሩብ ያልቃል። ሥራ አቁሙና አራታችሁ ተቀመጡ፣ ደብተሩን ይዛችሁ። በቅደም ተከተል ይህን አድርጉ፦

1. የኋላውን ቁጥር ከግቡ ጋር አስተያዩ። 42 ታቅዶ 39 ከሆነ ግቡን አትቀንሱ፣ የጎደለውን በምክንያት ዘርዝሩ።
2. በዚህ ሩብ ለሁለተኛ ጊዜ ያዘዙ ደንበኞችን ቁጠሩ። ሰሌዳው አምሮ እነሱ ካልጨመሩ ስትራቴጂው ላይ የጻፋችሁት ነገር ለደንበኛው ዋና ነገር አይደለም ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ እንደገና 5 ሰው ጥሩና ጠይቁ።
3. የፊት ቁጥሮቹን መርምሩ። "ልኬት" ለ8 ሳምንት በተከታታይ ሙሉ ከሆነ ልማድ ሆኗል፣ ከሰሌዳው አውርዱትና ቦታውን አሁን አንደኛ ለሆነው ምክንያት ስጡ። ሁለት ወር ሳይሞላው አታውርዱት፣ ይመለሳል።
4. የስትራቴጂውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላችሁ አንብቡ። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አትንኩት። በየሩብ ዓመቱ የሚቀየረው መንገዱ ነው።
5. የሚቀጥለውን ሩብ በዓላትና የሥራ ቀናት ቁጠሩና ሰሌዳው ላይ አስፍሩ።

ሲያልቅ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ አጥፉት። ዓረፍተ ነገሩን መልሳችሁ ከላይ ጻፉ፣ ከሥሩ "52"፣ ከዚያ ጥቅምት 1 ጠዋት የሚጀመረውን የመጀመሪያ ትዕዛዝ ከነ ሰውየው ስም።